ጉባኤ ሄዶ ባዶ እጅ ላለመመለስ
(የጥናት ጽሑፍን ለኅትመት ስለማብቃት)

በጥናት ክበባችን ስብሰባዎች ላይ ተደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «የሠራነውን ጥናት በሕክምና መጽሔት ለማሳተም ከየት እንጀምር?» የሚል ነው። ከነባር ተማሪዎች የሚሰጠው መልስ ደግሞ ዘወትር አንድ ነው፤ «ጉባኤ ሂዱ፣ እዚያ ትማራላችሁ» ይባላል። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። ከመሄድ በፊት ምን መዘጋጀት እንዳለበት፣ እዚያ ምን እንደሚደረግ፣ ከተመለሱም በኋላ ምን ሥራ እንደሚቀር አይናገርም። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ይህን ጉድለት በመጠኑም ቢሆን ለመሙላት ነው። በቅድሚያ የሚመለከተው በሕክምናና በጤና ሳይንስ ዘርፍ የምንማረውን ቢሆንም፣ የምህንድስናና የግብርና ተማሪዎችም ከዚህ የሚወስዱት አያጡም ብለን እናምናለን። (የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ሳይንሳዊ ጉባኤ ምንድን ነው? በአንድ ሙያ የተሰማሩ ሰዎች ገና ያልታተመ ሥራቸውን እርስ በርስ የሚያሰሙበትና የሚተቻቹበት መድረክ ነው። ቁም ነገሩ ያለው «ገና ያልታተመ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ጉባኤ ላይ የቀረበ ጥናት ታተመ ማለት አይደለም። በጉባኤው መጽሐፍ ውስጥ የሚገባው ባለ 250 ወይም ባለ 300 ቃል አሕፅሮተ ጥናት፣ ሥራው እንዴት እንደተሠራ በዝርዝር ስለማያሳይ፣ አንድ ሐኪም በእርሱ ተማምኖ ሕመምተኛውን የሚያክምበት ጽሑፍ አይደለም። ይህን እያወቅን ግን አሕፅሮቱ ተቀባይነት ሲያገኝ፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን የምስክር ወረቀቱን ስንቀበል፣ ሥራው ያለቀ ይመስለናል።

ይህ የእኛ ብቻ ድካም አይደለም። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃዎችን የሚያሰባስብ ድርጅት በ2018 ባወጣው ግምገማ፣ በልዩ ልዩ ጉባኤዎች የቀረቡ ከ300,000 በላይ አሕፅሮቶች ተፈትሸው፣ ሙሉ ጽሑፍ ሆነው የታተሙት 37 ከመቶ ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። ከአሥሩ ስድስቱ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ቀርተዋል ማለት ነው። ታዲያ መጽሔቶች እምቢ ብለዋቸው ነውን? አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። አጥኚዎቹ ራሳቸው ሲጠየቁ አዘውትረው የሰጡት ምክንያት «ጊዜ አጣን» የሚል ነው። ጽሑፉ ጭራሹን አልተላከም።

ነገሩ ለእኛ ከሌሎች ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ብዙዎቻችን በክረምቱ ዕረፍት አገር ቤት ስንገባ፣ ተመርቀን ልንሠራበት ከምናስበው ሆስፒታል መረጃ እንሰበስባለን። የካርድ ክፍል ሠራተኛው ከአቧራ ውስጥ የአምስት ዓመት ካርድ ያወጣልናል፤ የዋርዱ ነርስ ከተረኛነቷ ጊዜ ቀንሳ መዝገብ ታሳየናለች፤ ሕመምተኛውም «ለትምህርት ከሆነ ይሁን» ብሎ ይፈቅድልናል። ያ ሁሉ ተሰብስቦ ወደ ካይሮ ይመጣና በአንድ ጉባኤ ላይ አሥር ደቂቃ ተነግሮ፣ ከዚያ በኋላ በፍላሽ ውስጥ ይተኛል። የደከሙልን ሰዎች ውጤቱን አያዩትም፤ በሌላ ሆስፒታል ያለ ሐኪምም ያንኑ ካርድ እንደገና ከመቁጠር አይድንም።

የታተመ ጽሑፍ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ስለ ብልሃርዝያ ለማጥናት ዐድዋ በነበሩበት ጊዜ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ብልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ተሕዋስ ከፊል ዕድሜውን የሚያሳልፈው በቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሆነ፣ ያዩት ነገር ቀላል አልነበረም። እንዶድ ልብስ እንደሚያጸዳ እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ ቀንድ አውጣ መግደሉን ያየ ሌላ ሰውም ሳይኖር አይቀርም። ዶክተር አክሊሉ ግን በላቦራቶሪ ፈትነው የመጀመሪያ ዘገባቸውን በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። መጽሔቱ በዚያን ጊዜ ከተመሠረተ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት የፈጀ ምርምርና ክርክር ተከተለ፤ በ1989ም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በክርክሩ ዓመታት ሁሉ «መጀመሪያ ያየው ማን ነው? የትስ ነው?» ለሚል ሰው ያች አጭር ዘገባ መልስ ሆና ቆይታለች። የወጣችው በአዲስ አበባ መጽሔት መሆኑንም ልብ እንበል።

እንግዲህ ወደ ዝግጅቱ እንለፍ። እኛ የምንመክረው የተለመደውን ቅደም ተከተል መገልበጥ ነው። ብዙ ተማሪ መጀመሪያ አሕፅሮቱን ይጽፋል፣ ቀጥሎ ስላይዱን ያዘጋጃል፣ ሙሉውን ጽሑፍ «ከጉባኤው በኋላ» ይላል። ይልቅስ ሻካራም ቢሆን ሙሉውን ጽሑፍ አስቀድሞ መጻፍና አሕፅሮቱን ከእርሱ መቅዳት ይሻላል። እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ብራድፎርድ ሂል በ1965 አንባቢ ከአንድ የጥናት ጽሑፍ የሚጠይቃቸውን ነገሮች በአራት ከፍሎ አስቀምጧቸዋል፤ ለምን ጀመርከው፣ ምን አደረግህ፣ ምን አገኘህ፣ ያገኘኸውስ ምን ማለት ነው የሚሉ ናቸው። መግቢያ፣ ዘዴ፣ ውጤትና ውይይት ብለን የምንከፍለው እነዚህኑ ነው። ከአራቱ አብዛኞቻችን የምንደክመው በሁለተኛው ነው። ዘዴውን በሦስት መስመር እንጨርስና ውይይቱን አራት ገጽ እናደርገዋለን። ሌላ ሰው ጽሑፋችንን ይዞ ያንኑ ሥራ በሌላ ሆስፒታል መሥራት ካልቻለ፣ ዘዴው አልተጻፈም። በ2007 የወጣው ስትሮብ የተባለው ባለ 22 ነጥብ መመዘኛ፣ ከካርድ ለሚሰበሰብና ለመሳሰለው ጥናት የሚያስፈልገውን አንድ በአንድ ስለሚዘረዝር፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አጠገብ ቢቀመጥ ብዙ ድካም ያስቀራል።

ከዚህ ጋር የሆስፒታሉ ፈቃድና የሥነ ምግባር ኮሚቴው ደብዳቤ አብረው መያዝ አለባቸው። ደብዳቤው የሚጠየቀው መረጃው ከመሰብሰቡ በፊት ነው፤ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚሰጥ ኮሚቴ የለም፣ ያለ ደብዳቤው የሚያትምም ደህና መጽሔት የለም። የስም አሰላለፍም እንዲሁ ገና ከጅምሩ ቢነጋገሩበት ይሻላል። በ1978 በቫንኩቨር በተሰበሰቡ አዘጋጆች የተጀመረው የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ያወጣው መመዘኛ ግልጽ ነው፤ በጸሐፊነት የሚሰለፍ ሰው በሥራው ላይ ጉልህ ድርሻ ያለው፣ በመጻፍ ወይም በማረም የተሳተፈ፣ የመጨረሻውን ቅጅ አይቶ ያጸደቀና ስለ ጽሑፉ ተጠያቂ ለመሆን የተስማማ መሆን አለበት። አራቱም በአንድነት ያስፈልጋሉ። የክፍል ኃላፊ መሆን በመመዘኛው ውስጥ የለም። በአንጻሩ ግን መረጃውን አብሮን ያጠናውን የአገር ቤት ሐኪም በምስጋና መስመር አልፈን፣ እኛ ብቻ ደራሲ የምንሆንበት አሠራር እጅግ ያሳፍራል። ከሩቅ አገር መጥተው እንዲህ የሚያደርጉትን ስንወቅስ ኖረናል።

አሁን ጉባኤው ላይ ደርሰናል እንበል። በፖስተር ማቅረብ ከንግግር ያነሰ የሚመስላቸው አሉ፤ ለጀማሪ ግን ፖስተሩ ይበልጣል እንላለን። በንግግር አሥር ደቂቃ ተናግሮ ሁለት ጥያቄ ተቀብሎ መውረድ ነው። በፖስተር አጠገብ የቆመ ሰው ግን ሙሉውን የተመደበለትን ሰዓት ከመጣው ሁሉ ጋር ይነጋገራል። ታዲያ መቆም ነው እንጂ ወረቀቱን ሰቅሎ ሻይ ለመጠጣት መሄድ አይደለም! ከተማሪ ፖስተሮች መካከል ባለቤታቸው አጠገባቸው የማይገኝ ስንት እንደሆኑ በየጉባኤው አይተናል።

የሚቀርበው ጥያቄ ነው ትልቁ ሀብት። ለምሳሌ ያህል አንድ ተማሪ በአንድ የክልል ሆስፒታል በተኙ 84 የሩማቲክ የልብ ሕሙማን ላይ ጥናት ይዞ ቀረበ እንበል። አንድ ሽማግሌ ሐኪም ቀረብ ብለው «እነዚህ 84 ከስንት ውስጥ ናቸው? ካርዳቸው የጠፋውስ?» ይሉታል። ሌላዋ ደግሞ «ከገጠር ሆስፒታል ድረስ መምጣት ያልቻሉት ከመጡት በምን ይለያሉ?» ትለዋለች። ሦስተኛው «መርፌውን ያቋረጡትን በምን አወቅህ?» ይላል። እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የመጽሔቱ ገምጋሚ ከአራት ወር በኋላ የሚጽፋቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ጉባኤው በነፃና አስቀድሞ ሰጠው ማለት ነው። ስለዚህ ማስታወሻ ደብተር ይዞ መቆም፣ ጠያቂው ዞር እንዳለም ጥያቄውን በራሱ ቃል መጻፍ ያስፈልጋል። ማታ ይጻፋል የተባለው ይረሳል።

እዚህ ላይ ስለ አስተዳደጋችን አንድ ነገር ማንሣት ግድ ነው። ታላቅ ሲናገር ዝም ማለት ክብር እንደሆነ ተምረን አድገናል፤ መልካም ልማድ ነው። በጥያቄ ሰዓት ግን ዝምታው ክብር ሆኖ አይታይም፤ «አያውቅም» ወይም «ይደብቃል» ተብሎ ይተረጎማል። «ያንን አልለካንም፤ በሚቀጥለው እንለካለን» ማለት ሙሉ መልስ ነው። የእንግሊዝኛው ነገርም እንዲሁ ነው። ጠያቂውን «እባክዎ ይድገሙልኝ» ማለት ማንንም አላሳፈረም።

በጉባኤዎች ላይ የመጽሔት አዘጋጆች ስለ አጻጻፍ የሚሰጡት ክፍለ ጊዜ ሲኖር፣ ከትልልቅ ንግግሮች አንዱን ትቶ እዚያ መግባት ያዋጣል። አዘጋጁን የሚጠየቀው «ጽሑፌን ታትሙልኛላችሁ?» ተብሎ አይደለም። ይልቅስ እንዲህ ያለ ርእስ በመጽሔቱ ወሰን ውስጥ መሆኑን፣ የአንድ ሆስፒታል ጥናት ይቀበሉ እንደሆነ፣ የመጀመሪያው መልስ በስንት ጊዜ እንደሚደርስና ክፍያ መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ነው። ለእነዚህ ማንኛውም አዘጋጅ በደስታ ይመልሳል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላ ነገር አለ። ለአባሎቻችን «ክቡር ፕሮፌሰር» እያሉ ዱባይና ለንደን ላይ በሚደረግ ጉባኤ ዋና ተናጋሪ እንዲሆኑ የሚጋብዙ ደብዳቤዎች ይደርሳሉ። ተጋባዡ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው! ከደብዳቤው ግርጌ የመመዝገቢያው ክፍያ አለ፤ ከወር ድጎማችን የአራትና የአምስት ወሩን ይወስዳል። ይህ ንግድ ምን ያህል እንደተስፋፋ ፍርድ ቤት የደረሰው ጉዳይ ያሳያል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2016 ኦሚክስ የተባለውን ኅትመትና ጉባኤ የሚያካሂድ ድርጅት ከሰሰ፤ በ2019ም በኔቫዳ የሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ወሰነ። ከክሱ ጭብጦች መካከል ታዋቂ ሊቃውንት ሳይስማሙ በጉባኤ ተናጋሪነት ስማቸውን ማስተዋወቅ አንዱ ነበር። ስለዚህ ከመክፈል በፊት ከተናጋሪዎቹ ለአንዱ በዩኒቨርሲቲ አድራሻው ጽፎ «በእርግጥ ይገኛሉ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። አንድ ጉባኤ ስለ ልብም፣ ስለ ሰብልም፣ ስለ ኮምፒዩተርም በአንድ አዳራሽ የሚያደርግ ከሆነና አሕፅሮቱን በላክንበት ማግስት ከተቀበለው፣ መጠየቅም አያስፈልግም።

ከጉባኤ መልስ ወሳኞቹ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ናቸው። ጥያቄዎቹ በደብተር አሉ፣ ሻካራው ጽሑፍ ተጽፏል፤ ሥራው አንዱን ወደ ሌላው ማስገባት ነው። «በጉባኤ ስላቀረብነው መጽሔት አይቀበለንም» የሚል ሥጋት ይሰማል። በአሕፅሮትና በፖስተር መቅረቡ ኅትመትን እንደማያግድ የአዘጋጆቹ ኮሚቴ መመሪያ ይፈቅዳል፤ ለአዘጋጁ በሚጻፈው ደብዳቤ መግለጽ ብቻ ይበቃል። ሙሉው ጽሑፍ በጉባኤው ጥራዝ ከታተመ ግን ነገሩ ይለወጣልና «ሙሉውን ላኩልን» ሲባል አስቦ መመለስ ነው።

መጽሔትን ስለ መምረጥ፣ ሥራው የሚጠቅመው ሰው የቱን እንደሚያነብ ማሰብ እንጂ ትልቁን ስም ማሳደድ አይበጅም። የአገር ቤት ሕሙማን ጥናት ከሆነ የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀው የኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ መጽሔትና ሌሎችም አሉ። እዚሁ ካይሮ የሚገኘው የዓለም ጤና ድርጅት የምሥራቅ ሜዲትራንያን ጽሕፈት ቤት ከ1995 ጀምሮ የሚያወጣው መጽሔት ከጸሐፊዎች ክፍያ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ትኩረቱ የዚሁ ክፍል አገሮች ናቸው፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በድርጅቱ አከፋፈል በአፍሪካ ክፍል ናት። ስለዚህ በዚህ አገር ሆስፒታል ለተሠራ ሥራ ይስማማል። ለሁለት መጽሔት ባንድ ጊዜ መላክ ፈጽሞ ክልክል ነው። እምቢታ ሲመጣም የገምጋሚውን አስተያየት አንብቦ፣ አርሞ፣ ለሚቀጥለው መላክ ነው፤ አብዛኛው የታተመ ጸሐፊ ያለፈበት መንገድ ነው።

ክበባችን ለዚህ የሚሆን ጊዜ መድቧል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አሕፅሮት ወይም ፖስተር ያለው አባል አምስት ቅጅ ይዞ ይምጣ፤ አሥር ደቂቃ ያቀርባል፣ እኛ ሃያ ደቂቃ እንጠይቃለን። በመጪው ክረምት አገር ቤት የምትገቡ ደግሞ የታተመላችሁን ጽሑፍ ሁለት ሁለት ቅጅ ያዙ፤ አንዱ ለዋርዱ፣ ሌላው ለካርድ ክፍሉ ነው።