መኪናው ከጃፓን፣ ሞገዱ ከጄኔቫ

ሶማሌ ተራ ጎራ ብሎ የመኪና ቴፕ የሚያገላብጥ ሰው አንድ ነገር ያጋጥመዋል። ቴፑ ከጃፓን መኪና ተፈትቶ የመጣ ኦሪጅናል ነው። ድምፁ ጥርት ያለ፣ ዋጋውም ደህና ነው። ነገር ግን ሸገር ኤፍ ኤም 102.1ን ልክፈት ቢሉ አይገኝም። ቁጥሩ ከ76 ይጀምርና 90 ላይ ያልቃል። ዕቃው ተበላሽቶ አይደለም፤ ለሌላ አገር ሞገድ ስለተሠራ ነው።

ይህን ማን ወሰነው? መልሱ ከመርካቶ ራቅ ይላል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1865 ለቴሌግራፍ ተብሎ የተቋቋመ፣ ዛሬ ጄኔቫ የሚገኝ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ነው። አገራችን ከ1932 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ናት። ኅብረቱ ለሬዲዮ ሞገድ ዓለምን በሦስት ክልል ከፍሏል። አፍሪካና አውሮፓ በአንደኛው፣ የአሜሪካ አገሮች በሁለተኛው፣ አብዛኛው እስያና ፓስፊክ በሦስተኛው ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 ጄኔቫ ላይ የተፈረመው ስምምነት ለእኛ ክልል ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያለውን ለኤፍ ኤም ደለደለ። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ በኋላም የግሎቹ ሲከተሉ፣ ሁሉም የተሰለፉት በዚሁ መስመር ውስጥ ነው።

ጃፓን በበኩሏ ከ90 በላይ ያለውን ለቴሌቪዥን አውላው ስለነበር ሬዲዮዋን ዝቅ አድርጋ አስቀመጠች። ቻይና እዚያው ሦስተኛው ክልል ውስጥ ሆና የእኛን ዓይነት ቁጥር ትጠቀማለች። ስለዚህ የክልሉን ስም ብቻ ይዞ ዕቃ ማዘዝ አያዋጣም።

ብልሃተኛው ባለሱቅ ሞገድ ዝቅ የምታደርግ ትንሽ መቀየሪያ ይገጥማል። ሒሳቡን ግን ደንበኛው ይወቀው። መቀየሪያዋ 20 ሜጋኸርዝ የምትቀንስ ከሆነ 102.1 በ82.1 ላይ፣ 97.1 ደግሞ በ77.1 ላይ ይሰማል። አዋሽ 90.7ስ? 70.7 ላይ ይወድቃል፤ ቴፑ ከ76 በታች ስለማይወርድ ጭራሽ አይሰማም። ደንበኛው ተመልሶ የሚጨቃጨቀው በዚህ ነው። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ቢከለከልም ቀድመው የገቡት ዛሬም መንገድ ላይ ናቸውና ጭቅጭቁ ገና አላለቀም።

በስልክም ያው ነው። ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የተሠራው በ900 ሜጋኸርዝ ነበር። አሜሪካ ግን 850ንና 1900ን ይዛ ስለነበር ከዚያ ዘመድ የላከው የያኔው ባለ አንድ ሞገድ ቀፎ እዚህ ሲደርስ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። የዛሬ ቀፎዎች ብዙ ሞገድ ይይዛሉ። ሆኖም አንድ ስም ያለው ስልክ ለየአገሩ በተለያየ የሞዴል ቁጥር ይወጣልና ካርቶኑ ላይ የሚነበበው ስሙ ሳይሆን ቁጥሩ ነው።

ሞገድ የአገር ሀብት ነው ይባላል። ልክ ነው፤ ሆኖም እንደ መሬት ታጥሮ የሚያዝ ሀብት አይደለም። ስድስት አገሮች ያዋስኑናል፤ ድንበር አካባቢ የሚተከል ጣቢያ ከጎረቤት ጋር ካልተስማማ ሁለቱም ይታወካሉ። በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ2013 ዓ.ም. 850 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦ ፈቃድ ሲያገኝም የገበያው ተስፋ ያረፈው በዚሁ ስምምነት ላይ ነው። በእኛ ሞገድ የሚሠራ ቀፎ የዓለም ፋብሪካ ባያመርት ኖሮ ያ ገንዘብ ማንን ደንበኛ ያደርግ ነበር?

የቴሌቪዥን ነጋዴ አንድ ቀን ያስታውስ፤ ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም.። እ.ኤ.አ. በ2006 በተፈረመው ስምምነት መሠረት ከዚያች ቀን በኋላ በዩ ኤች ኤፍ ሞገድ የሚሰራጭ የአናሎግ ቴሌቪዥን ከጎረቤት ዲጂታል ጣቢያ ቢታወክ አቤት የሚልበት ከለላ የለውም።

አስተላላፊ ዕቃ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የእጅ መገናኛ ሬዲዮ ብንወስድ፣ ለአሜሪካ ተራ ገበያ የሚወጣው በ462 እና በ467 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ ለአውሮፓ የሚወጣው በ446 አካባቢ ይሠራል። ሁለቱን ባዕድ አገር አጠገብ ለአጠገብ ደርድሮ ለሚሸጥ ሰው ልዩነቱ ከቁም ነገር አይገባም። እዚህ ግን ሞገድ የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ፈቃድ የሚጠየቀው ዕቃው ጉምሩክ ከደረሰና የመጋዘን ኪራይ ከቆጠረ በኋላ ሳይሆን ኤል ሲ ከመከፈቱ በፊት ነው። ፕሮፎርማው ላይ የሞዴል ቁጥሩና የሞገዱ መነሻና መድረሻ በሜጋኸርዝ ይጻፍ። ሻጩ ይህን አልጽፍም ካለ ሌላ ሻጭ ይፈለግ።

ደንቡ እንደሆነ አንድ ቦታ አይቆምም። አገሮች በየሦስት በየአራት ዓመቱ ተሰብስበው ያሻሽሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ሻርም ኤል ሼክ፣ በ2023 ዱባይ ተቀምጠዋል። ቀጣዩ ለ2027 ተቀጥሯል። የአፍሪካ አገሮች አስቀድመው በአፍሪካ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በኩል አቋማቸውን ያስማማሉ። ስለዚህ ሞገድ ነክ ዕቃ በብዛት ገዝቶ ለዓመታት መጋዘን የሚያከማች ሰው የስብሰባውን ውጤት ከዶላር ምንዛሪ እኩል ቢከታተል ይበጀዋል።