መምህር ለመሆን ስንት ሰዓት ይበቃል?

ባለፈው ዓመት በአሜሪካ አገር የምትኖር አንዲት የንስሐ ልጃችን በስልክ አግኝታን፥ «አባታችን፥ የዮጋ መምህርት የሚያደርገውን የ200 ሰዓት ትምህርት ጨርሻለሁ፤ አሁን ላስተምር ወይስ ልተው?» ስትል ጠየቀችን። እኛም ነገሩን ሳንመረምር ፍርድ መስጠት ስላልወደድን ጥቂት ቀን እንድትታገሠን ለመንናት። የመረመርነውንና የመለስንላትን፥ እርስዋም በኋላ የነገረችንን፥ ለካህናትና ለምእመናን ይጠቅማል ብለን እነሆ እናቀርባለን። የምንጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድሞ ዮጋ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። ቃሉ የሕንድ ጥንታዊ ቋንቋ የሆነው የሳንስክሪት ነው፤ የወጣበትም ግሥ መጥመድ፥ ማጣመር ማለት ነው። በሬ በቀንበር እንዲጠመድ፥ ሰውም ሥጋውንና አሳቡን ጠምዶ እንዲገዛ የሚያስተምር መንገድ ነው። በፓታንጃሊ ስም የሚጠራው አጭር ድርሰት ይህን መንገድ በስምንት ይከፍለዋል፤ ይኸውም ከክፉ ሥራ መከልከል፥ ራስን በሥርዓት መግዛት፥ የሰውነት አቀማመጥ፥ እስትንፋስን መግዛት፥ ሕዋሳትን ከውጭ ነገር መሰብሰብ፥ አሳብን በአንድ ነገር ማጽናት፥ ሳያቋርጡ ማሰላሰል፥ በመጨረሻም በተመስጦ መዋጥ ነው። ዛሬ ዮጋ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው እጅና እግርን ማጠፍና መዘርጋትን ብቻ ነው፤ ይህ ግን ከስምንቱ አንዱ፥ እርሱም ሦስተኛው ነው።

ይህ ትምህርት በቀድሞ ዘመን ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የሚተላለፈው አብሮ በመኖርና በማገልገል ነበር። ስዋሚ ቪቬካናንዳ በ1893 ዓ.ም. በቺካጎ በተደረገው የሃይማኖቶች ጉባኤ ከተናገረ በኋላ የሕንድ ትምህርት በምዕራብ አገር እየታወቀ ሄደ። በ1930ዎቹ ዓመታት በማይሶር ቤተ መንግሥት ያስተምር ከነበረው ከክሪሽናማቻርያ የተማሩት፥ እንደ አየንጋር፥ እንደ ፓታቢ ጆይስና እንደ ኢንድራ ዴቪ ያሉት፥ የሰውነቱን እንቅስቃሴ በዓለም አዳረሱት። በ1969 ዓ.ም. ስዋሚ ቪሽኑዴቫናንዳ በምዕራብ አገር የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ጀመረ። በ1999 ዓ.ም. በአሜሪካ የተቋቋመው ዮጋ አሊያንስ የሚባለው ማኅበር ደግሞ የ200 እና የ500 ሰዓት ደረጃ አወጣ። ይህ ማኅበር ትምህርት ቤቶችንና መምህራንን በመዝገብ የሚጽፍ ነው እንጂ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም። በትምህርቱም ውስጥ የእንቅስቃሴው አሠራር፥ የሰውነት አካላት ዕውቀት፥ ፍልስፍናውና ግብረ ገቡ፥ የማስተማርም ልምምድ ይገኛሉ።

እንግዲህ እንቍጠር። በቀን ስምንት ሰዓት የሚማር ሰው 200ውን ሰዓት በ25 ቀን ይፈጽማል። በጋንጅስ ወንዝ ዳር ባለችው በሪሺኬሽ ከተማ ያሉ ብዙ ትምህርት ቤቶችም በአንድ ወር ያህል ጨርሰው ያስመርቃሉ። በእኛ ጉባኤ ቤት ግን የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ዕለት ዕለት ቅኔውን በመምህሩ ፊት እየነገረ፥ ሲሳሳት እየታረመ፥ ቤት እስኪሞላ ድረስ ዓመታት ያልፋሉ። ከዚያም በኋላ በመምህሩ ሥር አስነጋሪ ሆኖ ሌሎችን ሲያርም ይፈተናል እንጂ ወዲያው ወንበር አይዘረጋም። ይህን የምንለው ለመመካት አይደለም። ከእኛም ወገን ሳይማሩ የመምህርነትን ስም የሚሹ አይጠፉምና።

ጊዜ የሚያስፈልገው ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ስለ ሥጋ ነው። ራስን ወደ ታች ዘቅዝቆ መቆም የዓይን ግፊት ሕመም ያለበትን ሰው ይጎዳል፤ ለጤነኛ የሚስማማው መጠምዘዝ ለነፍሰ ጡር ወይም ወገቡን ለታመመ አይስማማም። ይህን በመጽሐፍ ማንበብ ቀላል ነው፤ በፊት ከቆሙት ሃያ ሰዎች መካከል ሕመሙን የደበቀውን ለይቶ ማወቅ ግን የብዙ ዘመን ዓይን ይጠይቃል። ሁለተኛው ስለ ነፍስ ነው። ተማሪ መምህሩን ያምናል፤ ሰውነቱንም በእጁ ይሰጣል። በቅርብ ዓመታት ስማቸው በገነነ የዮጋ መምህራን ላይ ይህን አመኔታ ለክፉ ምኞት አውለውታል የሚል ብርቱ ክስ ቀርቧል። ስለዚህም ዛሬ ብዙ ማሠልጠኛዎች ተማሪን ከመንካት በፊት ፈቃዱን መጠየቅን ያስተምራሉ። ይህ መልካም ነው፤ ሥልጣንን በፍርሃት መያዝ ግን በአንድ ወር ትምህርት አይጠናቀቅም። ሐዋርያው ያዕቆብም መምህራን የሚጠብቃቸውን ፍርድ አስቦ ብዙዎች ወደዚህ ሥራ እንዳይሽቀዳደሙ መክሯል።

ስለ ሃይማኖቷም እንዲህ አልናት። «ልጄ፥ ወገብን ማቅናት፥ ጅማትን ማፍታታት ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን በአንዳንድ ማሠልጠኛ የሕንድ አማልክት ስም በዜማ ይጠራል፤ ስምንቱም ክፍል የሚያደርሰው ወደ ራሱ እምነት ፍጻሜ ነው። የሕንድ ሰዎች ይህን እንደ ቅዱስ ርስታቸው ያከብሩታል፤ እኛም ልንዘብትበት አይገባንም፤ ለእኛ ያልሆነውንም ለእኛ እንደ ሆነ አድርገን አንይዘውም። መምህር የሚያስተምረውን ሁሉ በፊቱ ቆሞ የሚመሰክርለት ነው። ከስምንቱ አንዱን ይዘሽ ሰባቱን ብትደብቂ ተማሪዎችሽን ታታልያለሽ፤ ስምንቱን ብታስተምሪ ደግሞ ባላመንሽበት መንገድ ሰው ትመሪያለሽ። የሰውነት እንቅስቃሴ ማስተማር ከፈለግሽ ግን የሰውነትን ነገር ከሚያውቁ ዘንድ በደንብ ተማሪ፤ ስሙንም የሰውነት እንቅስቃሴ በይው።»

እርስዋ ግን ጥቂት ዝም ብላ፥ «አባታችን፥ የነገሩኝን ተቀብያለሁ። እኔም አንድ ነገር ልናገር። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰግጃለሁ፥ ጾሜአለሁ፥ ሌሊት ቆሜ አስቀድሻለሁ፤ ለምን እንደምሰግድ ግን ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረኝም። እነዚያ መምህራን ስለ እስትንፋሴ፥ ስለ ዝምታዬ፥ ስለ ጉልበቴ 200 ሰዓት አስተማሩኝ። ቤተ ክርስቲያን ስንት ሰዓት ሰጥታኛለች?» አለችን።

ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረንም። የእርስዋን ሰዓት ስንቈጥር የራሳችንን አልቈጠርንም ነበርና። ጸሎታችን በቃል ብቻ አይደለም፤ በጉልበት፥ በግንባር፥ በሆድም ጭምር ነው። መቋሚያ ተደግፎ ሌሊቱን የሚቆም ደብተራ ሥጋውን ከነፍሱ ጋር ያገለግል ዘንድ ያውቃል። ይህ ሀብት ሳለን ትርጓሜውን ለልጆቻችን ሳንነግር፥ በሌላ ደጅ ሲፈልጉት ብናይ ተግሣጹ አስቀድሞ የሚገባው ለእኛ ነው።

ስለዚህ፥ የተወደዳችሁ ካህናት፥ በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ፥ ከቅዳሴ በኋላ ወጣቶችን ሰብስባችሁ ስለ ስግደት፥ ስለ ጾም፥ ስለ ዝምታ ጸሎት በሳምንት አንድ ሰዓት አስተምሩ። በዚህ መጠን 200 ሰዓት ለመሙላት አራት ዓመት ገደማ ይፈጃል። እኛ ከዚያች ልጅ ጋር በየቅዳሜው ማታ በስልክ ጀምረናል፤ እስከ ዛሬ የደረስነው ከአሥራ አንደኛው ሰዓት ነው። ስለ ማስተማሩ ገና አልወሰነችም፤ እኛም አላስቸኰልናትም።