ለንግድ ሰነድ የሚስማማው የፍላሽ ፎርማት

ነጋዴ ፍላሽ ሲገዛ ስፋቱን እንጂ ፎርማቱን አይጠይቅም፤ ሻጩም አይነግረውም። ነገር ግን የጨረታ ሰነድ በሚገባበት ዕለት ፍላሹ በሌላ ኮምፒዩተር አልነበብ ቢል ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

ፋት32 የተባለው ፎርማት በአሮጌ ኮምፒዩተርና በፕሪንተር ጭምር ይነበባል፤ ዳሩ ግን 4 ጊጋባይት የሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤንቲኤፍኤስ ለዊንዶውስ የተሠራ በመሆኑ፣ የማክ ኮምፒዩተር ያነበዋል እንጂ ተጨማሪ ፕሮግራም ካልተጫነለት አይጽፍበትም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ኤክስፋት ግን በሁለቱም ይሠራል፤ ትልቅ ፋይልም ይይዛል። ስለዚህ ለደብዳቤና ለደረሰኝ ፋት32፣ ለዕቃ ማስተዋወቂያ ፊልም ኤክስፋት ይመረጣል። ሁለቱም ጽሕፈቱ ሳያልቅ ቢነቀሉ በቀላሉ ይበላሻሉ።

ፎርማት መለወጥ በፍላሹ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ፣ ሰነዱን አስቀድሞ ወደ ሌላ ሥፍራ መገልበጥ ይገባል።