መቅሠፍት በመጣ ጊዜ የካህን ሥራ

በ2012 ዓ. ም. ኮሮና ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ምእመናን በየቤታቸው እንዲጸልዩ ቢነገር ብዙዎች «ይህ የእምነት ጉድለት አይደለምን?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው መልስ ይገባዋል። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 እንደ ተጻፈ፣ ለምጽ የተጠረጠረበትን ሰው ሰባት ቀን ለይቶ እንዲያቈይና ዳግመኛ እንዲመረምር የታዘዘው ካህኑ ራሱ ነው። እንግዲያስ ሕመምተኛን መለየት ከጥንት ጀምሮ የካህን ሥራ ነበረ።

በእንግሊዝ አገር ኢየም በምትባል መንደር የተደረገውን እንመልከት። እ. ኤ. አ. በ1665 ዓ. ም. የአይጥ ወረርሽኝ በሽታ ገባባት፤ መድኀኒትም ክትባትም አልነበረም። በመንደሪቱ የተሾመው ካህን ዊልያም ሞምፐሰን ነበረ፤ ሕዝቡ ግን ይሰማ የነበረው በሥርዐተ ቤተ ክርስቲያን ክርክር ከሹመቱ የተሻረውን ቶማስ ስታንሊን ነው። ሁለቱ ክርክራቸውን ትተው በ1666 በጁን ወር በአንድ ቃል ሕዝቡን መከሩ። ምክራቸውም ሦስት ነበረ፤ ከመንደሪቱ ወሰን ማንም እንዳይወጣ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶ ጸሎቱ በሜዳ፣ ቤተ ሰብ ከቤተ ሰብ ተራርቆ እንዲደረግ፤ ሙታንም ያለ ጉባኤ በየቤተ ሰባቸው እጅ በየቦታቸው እንዲቀበሩ። ጎረቤቶች ምግቡን በወሰን ድንጋይ ላይ ያኖሩላቸው ነበር፤ የዋጋው ገንዘብም በሆምጣጤ ውስጥ ይቀመጥ ነበር።

መከራው ከባድ ነበረ። ኤልሳቤጥ ሀንኮክ የምትባል ሴት በስምንት ቀን ውስጥ ባልዋንና ስድስት ልጆችዋን ቀበረች። ሞምፐሰን ልጆቹን አስቀድሞ ከመንደሪቱ አውጥቶ ነበር፤ ሚስቱ ካትሪን ግን ከእርሱ ሳትለይ ቀርታ በኦገስት ሞተች። በሽታው በኖቬምበር ሲያበቃ የሞቱት 260 ያህል ነበሩ።

የበሽታውን ሕዋስ የርሲን ያገኘው በ1894 ነው፤ በአይጥ ቁንጫ እንደሚተላለፍም የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በወሰኑ ውስጥ መቈየታቸው ለራሳቸው መዳኛ አልሆነላቸውም፤ በዙሪያቸው ያሉት መንደሮች ግን ከመቅሠፍቱ ተርፈዋል።

ካህናት ሆይ፣ ከሦስቱ ምክሮች ሁለቱ፣ ጉባኤና ቀብር፣ በእኛ እጅ ያሉ ናቸው። ሐኪም ቢያዝዝ ሕዝቡ ሊጠራጠር ይችላል፤ ከእርሱ ጋር የሚያለቅሰው ካህን ሲነግረው ግን ይሰማል። ክፉ ቀን ሳይመጣ እርስ በርሳችን እንታረቅ፤ ሕዝቡንም የሚለይበትን ቀን ምክንያቱን እያስረዳን እናስተምረው። ሰውን ከሰው መለየት ፍቅርን ማቋረጥ አይደለም፤ ለባልንጀራ ሕይወት ሲባል የሚከፈል የፍቅር ዋጋ ነው።