የመጀመሪያው እርሾ ከየት መጣ?

እናቶቻችን ሊጥ ሲያቦኩ ካለፈው ቡኮ የተረፈውን እርሾ ይጨምሩበታል፤ እርሾው ካለቀባቸውም ከጎረቤት ይበደራሉ። የጎረቤቲቱም እርሾ ከሌላ እርሾ የመጣ ነው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ጤፍ ከጤፍ፥ ጥጃ ከላም፥ ረቂቅ ተሕዋስያንም ከመሰሎቻቸው ይገኛሉ። ታዲያ ይህን ሰንሰለት ወደ ኋላ እየተከተልን ብንሔድ የመጀመሪያው ሕይወት ከየት መጣ? ስለዚህ ጥያቄ የሳይንስ ሊቃውንት የደረሱበትን ባጭሩ እንመልከት። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በጥንት ዘመን ብዙ ሰዎች ትል ከበሰበሰ ሥጋ በራሱ ይፈጠራል ብለው ያምኑ ነበር። ኢጣሊያዊው ሐኪም ፍራንቼስኮ ሬዲ በ1668 ይህ ስሕተት መሆኑን አሳየ፤ ሥጋውን በስስ ጨርቅ በሸፈነው ጊዜ ዝንብ እንቁላሏን ልትጥልበት ስላልቻለች ሥጋው አልተላም። በ1860 ገደማም ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር አንገቱ ረዥምና ቆልማማ በሆነ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ መረቅ አፈላ። አየር እንደ ልብ ይገባ ነበር፤ ትቢያውና ተሕዋስያኑ ግን በአንገቱ ጎባጣ ላይ ስለሚቀሩ መረቁ ሳይበላሽ ቆየ። አንገቱ ሲሰበር ግን መረቁ ተበላሸ። ሊጥም ያለ እርሾ ሲሰነብት የሚቦካው ተሕዋስያኑ አስቀድመው በዱቄቱ ላይ ስላሉ ነው እንጂ ያን ጊዜ ስለ ተፈጠሩ አይደለም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ላይ ብርቱ ጥያቄ ይነሣል። ምድራችን ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ስትሠራ እንደ እሳት የጋለች ነበረች፤ ሕይወትም አልነበረባትም። ሕይወት ከሕይወት ብቻ የሚገኝ ከሆነ እንዴት ተጀመረ? የፓስተር ሥራ ይህን ጥያቄ የዘጋው ይመስላል፤ ነገር ግን አልዘጋውም። ፓስተር ያሳየው በዛሬይቱ ምድር በአጭር ጊዜ የሚሆነውን ነው። የጥንቲቱ ምድር ግን በሁለት ነገር ትለይ ነበር። አንደኛ፥ በአየሯ ውስጥ ረቂቅ ውሕዶችን የሚያፈርሰው ነጻ ኦክሲጅን ከሞላ ጎደል አልነበረም። ሁለተኛ፥ የተሠራውን ውሕድ የሚበላ ፍጡር አልነበረም፤ ይህንም ቻርልስ ዳርዊን በ1871 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ አመልክቶታል። ሩሲያዊው ኦፓሪን በ1924፥ እንግሊዛዊው ሆልዴን በ1929 ሐሳቡን አስፋፉት።

ሐሳቡን በሥራ የፈተነው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሃሮልድ ዩሬ ተማሪ የነበረው ስታንሊ ሚለር ነው። ሚቴን፥ አሞኒያ፥ ሃይድሮጅንና የውሃ እንፋሎት በአንድ ዕቃ ውስጥ አገናኝቶ፥ በመብረቅ ፈንታ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ለአንድ ሳምንት አሳለፈበት። ውሃው ቀልቶና ደፍርሶ ተገኘ፤ በውስጡም የፕሮቲን መሥሪያ የሆኑ አሚኖ አሲዶች ነበሩበት። ውጤቱ በ1953 ሲታተም ሚለር ገና የ23 ዓመት ወጣት ነበረ። የተረፉት ናሙናዎቹ በአዲስ መሣሪያ ተመርምረው በ2008 ከ20 የሚበልጡ አሚኖ አሲዶች ተገኙባቸው። እንዲሁም በ1969 በአውስትራሊያ መርቺሰን አጠገብ በወደቀው የሰማይ ድንጋይ ውስጥ አሚኖ አሲዶች ስለ ተገኙ፥ እነዚህ ውሕዶች ከምድር ውጭም እንደሚሠሩ ታወቀ።

ነገር ግን ድንጋይና ጭቃ ስለ ተከማቸ ቤት ተሠራ አይባልም። የዛሬ ሊቃውንት የጥንቱ አየር ይበልጡን ካርቦን ዳይኦክሳይድና ናይትሮጅን እንደ ነበረ ይገምታሉ፤ በእንዲህ ያለ አየር ደግሞ የሚሠራው አሚኖ አሲድ ያነሰ ነው። ከዚህም በላይ ሕያው ሴል ሽፋን፥ ምግብን የሚለውጥ ሥራና ለልጅ የሚተላለፍ የዘር መልእክት ያስፈልገዋል። ዛሬ መልእክቱን ዲ ኤን ኤ ይይዛል፤ ሥራውን ፕሮቲን ይሠራል፤ አንዱም ያለ ሌላው አይገኝም። ቶማስ ቼክና ሲድኒ አልትማን ግን አር ኤን ኤ የተባለው ሞለኪውል መልእክት ከመያዝ ሌላ ኬሚካዊ ሥራን ማፋጠን እንደሚችል ስላገኙ በ1989 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ስለዚህ ብዙዎች ከሁለቱ በፊት አር ኤን ኤ ብቻውን ሁለቱንም ሥራ ይሠራ ነበር ብለው ያስባሉ።

እንግዲህ ስለዚህ ነገር ስንከራከር ሦስቱን ለይተን እንናገር። ዛሬ ተሕዋስያን ከመሰሎቻቸው እንጂ ከመረቅ እንደማይፈጠሩ በፈተና ታይቷል። የሕይወት መሥሪያዎች ሕይወት በሌለበት እንደሚሠሩም ታይቷል። መሥሪያዎቹ ተገጣጥመው ሕያው ሴል የሆኑበት መንገድ ግን እስካሁን በማንም ቤተ ሙከራ አልታየም። ያወቁትን ካላወቁት ሳይቀላቅሉ መናገር የሳይንስ ተማሪ የመጀመሪያ ግዴታው ነው።