የልጆች ጥርስ ማስተካከል፦ መቼ ይጀመር? መቼስ ይጠበቅ?

የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲስቁ ጥርሳቸው አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ወልቋል፣ አንዱ ግማሽ ወጥቷል፣ ሌላው ተንጋዷል። ይህን አይቶ አንዱ ወላጅ «ሲያድግ ይስተካከላል» ብሎ ይተወዋል፤ ሌላው ዛሬውኑ ሽቦ እንዲታሰርለት ይፈልጋል። ማን ትክክል እንደሆነ የሚወሰነው በችግሩ ዓይነት ነው።

ልጅ 20 የወተት ጥርሶች አሉት። 6 ዓመት ገደማ ሲሞላው ከእነዚህ ኋላ የመጀመሪያዎቹ ቋሚ መንጋጋዎች ይበቅላሉ። ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚወጡ ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስሉታል፤ ከተበላሹ ግን ሌላ አይተካቸውም። ከ6 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ የወተትና ቋሚ ጥርሶች አብረው ይኖራሉ። በዚህ ወቅት በላይኞቹ የፊት ጥርሶች መካከል የሚታይ ትንሽ ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ የጤና ነው፤ ክራንቻዎቹ ሲወጡ ይጠባል።

የአሜሪካ የጥርስ አስተካካይ ሐኪሞች ማኅበር ልጆች እስከ 7 ዓመታቸው አንድ ጊዜ እንዲታዩ ይመክራል። መታየት ማለት ግን ሽቦ ማሰር ማለት አይደለም። አብዛኞቹ ልጆች ቋሚ ጥርሶቻቸው እስኪወጡ ቢጠብቁ አይጎዱም።

ቶሎ ሐኪም ሊያያቸው የሚገቡት የሚከተሉት ናቸው፦

1. ልጁ ሲነክስ የታችኞቹ ጥርሶች ከላይኞቹ ውጪ ከዋሉ፣ ወይም አገጩ ወደ አንድ ጎን ከሄደ። በዚህ ዕድሜ የላንቃ አጥንት መካከለኛ መጋጠሚያ ገና ስላልጠነከረ ጠባብ ላንቃን በመሣሪያ ማስፋት ይቀላል።

2. የላይኞቹ የፊት ጥርሶች በጣም ወደ ውጭ ከወጡ። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ቀድሞ ማከም ልጁ ሲወድቅ ጥርሱ የመሰበር ዕድሉን ይቀንሳል። የመጨረሻው ውጤት ግን በጉርምስና ዕድሜ ከሚደረገው ሕክምና ብዙም አይለይም።

3. ቋሚ ጥርስ ከጀመረ በኋላም ጣት መጥባት ካልቆመ።

4. የወተት መንጋጋ ተበልቶ ያለጊዜው ከተነቀለ። የወተት መንጋጋዎች እስከ 10 ወይም 12 ዓመት ቦታ ይጠብቃሉ። ቀድመው ሲወጡ ጎረቤት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ የሚተካው ጥርስም መውጫ ያጣል። ስለዚህ ሐኪሙ ቦታ የሚጠብቅ ትንሽ ቀለበት ሊያስር ይችላል።

በአካባቢያችን ሊነገር የሚገባው ሌላም ነገር አለ። በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በኬንያና በኡጋንዳ አንዳንድ ቤተሰቦች ሕፃን ሲያስቀምጠው ወይም ሲያተኩሰው ድዱ ላይ ያበጠውን የክራንቻ ቦታ በባህል ሐኪም ያስነቅላሉ። ያ እብጠት በሽታ ሳይሆን ሊወጣ የተዘጋጀ ጥርስ ነው። ማስነቀሉ ደም መፍሰስና መመረዝ ያስከትላል፣ ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላል። ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስም ይጎዳል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ለተቅማጡ መድኃኒቱ ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ጤና ጣቢያ ነው።

ሽቦ ውድ ነው፤ ጊዜም ይወስዳል። ስለዚህ ወላጆች ከመስማማታችሁ በፊት ሐኪሙን አራት ነገር ጠይቁ፦ አሁን ለምን ያስፈልጋል? ብንጠብቅ ምን ይጎዳል? በጉርምስና ጊዜ ሁለተኛ ሕክምና ይኖራል ወይ? ጠቅላላ ወጪውስ ስንት ነው? ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ግልጽ መልስ ካልተገኘ፣ ሌላ ሐኪም ማማከር ነውር የለውም።

እስከዚያው ድረስ ጠዋትና ማታ በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና መቦረሽና ጣፋጭ መቀነስ የወተት ጥርሶችን እስከ ጊዜያቸው ያቆያል። ለሚመጡት ጥርሶች ቦታ የሚይዙላቸው እነሱ ናቸው።