የናፍጣ ጥላሸት በሳንባ ውስጥ ምን ይሠራል?

«የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ሞተር ጢስ ምን አገባው?» የሚል ጥያቄ ከአንዳንድ ጓደኞቻችን ሊነሣ ይችል ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው፤ ጢስ ፋኩልቲ አይመርጥም። ታሪክ የሚያጠናውም ኬሚስትሪ የሚያጠናውም አውቶቡስ የሚጠብቀው በአንድ መንገድ ዳር ነው። ስለዚህ የናፍጣ ጥላሸት ምን እንደ ሆነና ከምን የተነሣ እንደሚጎዳ፥ ኬሚስትሪ ላልተማረም በሚገባ መንገድ ለማስረዳት እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ጥላሸቱ ከየት ይመጣል? የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በካንዴላ ነው። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 ሠርቶ ያሳየው ሞተር ግን ካንዴላ የለውም። አየሩን አጥብቆ ሲያምቀው አየሩ ራሱ ይግላል፤ ናፍጣውም በጋለው አየር ላይ ሲረጭ ይቀጣጠላል። የተረጨው ናፍጣ ከአየሩ ጋራ እኩል ስለማይደባለቅ፥ አየር ባነሰበት ስፍራ ያለው በሙሉ ሳይነድ ይቀራል፤ የቀረውም ካርቦን እርስ በርሱ እየተያያዘ ጥላሸት ይሆናል። አዲስ አበባን በመሰለ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ከተማ አየሩ ስስ ነው። ስለሆነም ፖምፓው ያልተስተካከለ ወይም የአየር ፊልትሮው የቆሸሸ መኪና ጥላሸት ያበዛል።

አንዲት የጥላሸት ቅንጣት 30 ናኖሜትር ያህል ብትሆን ነው፤ ከ2,000 በላይ ጎን ለጎን ቢደረደሩ የአንድ የራስ ጠጉር ውፍረት ይሆናሉ። ቅንጣቶቹ እንደ ዘለላ ተያይዘው ስለሚኖሩ የአንድ ግራም ጥላሸት ገጽ ቢዘረጋ ወደ 100 ካሬ ሜትር ይጠጋል። በዚህ ሰፊ ገጽ ላይ ከናፍጣውና ከሞተር ዘይቱ የመጡ ብዙ ነገሮች ይለጠፋሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ቤንዞፓይሪን የተባለው ነው። እንግዲህ ጥላሸት ጭነቱን ይዞ እስከ ሳንባችን ጥግ ድረስ የሚጓዝ ነገር ነው።

የሚያስገርመው የጥላሸት ጠባይ ከዚህ ይጀምራል። ሞተር ሠሪዎች በጢስ መውጫው ውስጥ ይዘው ሊያቃጥሉት ሲሞክሩ አልታዘዝ ይላል፤ በኦክሲጅን ብቻ ለመንደድ 600 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይፈልጋል። ናይትሮጂን ዳይኦክሳይድ ሲያገኘው ግን በ300 ዲግሪ ገደማ ይነዳል፤ የብዙ አዳዲስ መኪናዎች ማጣሪያም የሚሠራው በዚህ ብልሃት ነው። ከዚህ የተነሣ ጥላሸት በ37 ዲግሪ ባለው ሰውነታችን ውስጥ ሥራ ፈት ሆኖ የሚቀመጥ ይመስለን ይሆናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በገጹ ላይ ያሉት ነገሮች በሳንባ ውስጥ ኦክሲጅንን ወደ ቁጡ ዓይነት ይለውጡታል፤ ይህም ሴሎችን ያቆስላል። ሰውነታችንም ቤንዞፓይሪንን በሽንት ለማስወጣት ብሎ ሲለውጠው፥ ከዲኤንኤ ጋራ የሚጣበቅ የከፋ ነገር ይሠራል። መድኃኒት የተባለው ሥራ ራሱ ጉዳት ይሆናል ማለት ነው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። የለንደኑ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት ጥላሸት የጢስ ማውጫ ጠራጊዎችን ለካንሰር እንደሚያጋልጥ በ1775 ጽፎ ነበር። በ2007 በታተመ የኤዲንበርግ ጥናት፥ ቀደም ሲል የልብ ድካም የደረሰባቸው 20 ወንዶች የቀጠነ የናፍጣ ጢስ ለ1 ሰዓት ያህል እየተነፈሱ ስፖርት ሲሠሩ፥ ለልባቸው የሚደርሰው ደም ይበልጥ አንሶ ተገኘ። በ2012 ደግሞ በዩናይትድ ስቴትስ የ12,315 የማዕድን ሠራተኞች ጥናት ታተመ። የሲጋራ ማጨስ ነገር ተቆጥሮም እንኳ፥ በጢሱ እጅግ የተጋለጡት በሳንባ ካንሰር የመሞት አደጋቸው በጥቂቱ ከተጋለጡት 3 እጥፍ ገደማ ሆነ። በዚያው ዓመት በሰኔ፥ በፈረንሳይ አገር በሊዮን የሚገኘው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ድርጅት የናፍጣ ሞተር ጢስን ትምባሆና አዝቤስቶስ ካሉበት መደብ አስገባው።

በእኛ ዘንድ ይህን ጢስ ከሁሉ ይበልጥ የሚተነፍሱት ሾፌሮች፥ ረዳቶችና የጋራዥ ሠራተኞች ናቸው። እነርሱም «ማታ ወተት ከጠጡ ያጥባል» ሲባሉ ይኖራሉ። ነገር ግን ወተት ወደ ጨጓራ ይወርዳል እንጂ ወደ ሳንባ አይገባም። ነጠላ ወይም ሻርፕ አፍ ላይ ማድረግም ይህን የመሰለ ደቃቅ ነገር አያቆምም። «ጥቁር ካልታየ ጢስ የለም» ማለትም ስሕተት ነው፤ እጅግ ደቃቁ ለዓይን አይታይምና። የሚጠቅመው ሌላ ነው፤ በተዘጋ ጋራዥ ሞተር አለማስነሣት፥ በቆመ መኪና ሞተሩን ማጥፋት፥ ጥላሸት የያዘ ዕቃን በአየር ከመንፋት በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፥ ፊት ላይ የሚገጥም ማጣሪያ ያለው ጭምብል ማድረግ፥ ከምሳ በፊትም እጅን በሳሙና መታጠብ።

ከመካከላችን መካኒክ ወንድም ወይም ሾፌር አጎት የሌለው ጥቂት ነው፤ ብዙዎቻችንም ለትምህርት የበቃነው በእነርሱ ላብ ነው። ለክረምት ወደየቤታችን ስንመለስ የምናወራላቸው ብዙ ነገር ይኖረናል። ከወሬያችን መካከል ይህን ባንረሳው መልካም ነው እንላለን።